ለቅሶ አይደለም፣ ለጡረታ ነው፦ ከዘጌ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የጡረታ መዝገባችንን ለያዘው መሥሪያ ቤት እና ገንዘባችንን ለሚከፍለን ባንክ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በሕይወት መኖራችንን ለማረጋገጥ እኛ ከመውረድ እናንተ እንድትወጡ ስለመጠየቅ

ለወትሮው ደብዳቤ የምጽፈው ለሰው ነው። በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጥቼ ወደ ትውልድ ቀዬዬ ወደ ዘጌ ከተመለስሁ ወዲህ በረንዳዬ ላይ ያለችው ጠረጴዛ የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ሆናለች። የድንበር ክርክር፣ የውርስ ማመልከቻ፣ ዐረብ አገር ሄዳ ድምፅዋን ላጠፋች ልጅ የሚላክ ወቀሳ፣ አንድ ጊዜም ለጌሾ ሌባ ማስጠንቀቂያ ጽፌባታለሁ። ክፍያ አልቀበልም፤ እንዲያውም ባለጉዳዩ የእኔኑ ቡና እስከ በረካው ጠጥቶ ነው የሚነሣ። የዛሬውን ግን ለራሴና ለመሰሎቼ ጻፍሁት። ስማችሁን አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ከመስኮቱ ኋላ ከተቀመጡት ልጆችም ሁለቱ ተማሪዎቼ ነበሩ፤ ማሳፈር አልፈልግም። (አንደኛው ክፍልፋይ ፈጽሞ አይገባውም ነበር፤ ዛሬ ብር ይቆጥራል፤ እግዜር ይጠብቀው።)

ዘጌን እንግዳ ሁሉ ያውቃታል ይባላል። እንግዳው በጣና ላይ በጀልባ ይመጣል፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደርሶ የመቅደሱን ሥዕል ያደንቃል፣ መንገድ ዳር ከተደረደረው ዕቃ አንድ ሁለት ገዝቶ ወደ ጀልባው ይወርዳል። እኛ ያለነው እሱ ከተመለሰበት ወደ ላይ ነው። መንገዱ ከድንጋይ ድንጋይ፣ ከሥር ሥር እየተረገጠ የሚወጣ የጫካ መንገድ ነው። ዝናብ ሲጥል ያንሸራትታል፣ መኪና አያስገባም። ከጥንት የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ተብሎ እዚህ አይታረስም፣ በሬም አይጠመድም። ጻድቁ በትራቸውን ከሦስት ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ ይላሉ አባቶች። ጫካውን እስከ ዛሬ ያቆየልን ይኸው ትውፊት ነው። ግን የማያርስ ሰው እንጀራውን የሚበላው በብር ነው። ጤፉም፣ በርበሬውም፣ ሽሮውም አፋፍ ከምትባለው የዘጌ ከተማ ገበያ ወይ ከባሕር ዳር ነው የሚመጣ። ሌላ ገጠር ያለ ሽማግሌ ገንዘቡ ቢዘገይበት ጎተራውን ከፍቶ ይሰነብታል። የእኛ ጎተራ ኪሳችን ነው።

ይህን የምለው የጡረታ ብር እዚህ ምን እንደሚሠራ እንድታዩልኝ ነው። ቡናችን ከጥቅምት ወዲያ ይለቀማል፤ ደርቆ፣ ተሸጦ እጅ እስኪገባ ጥር ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም መንደሩ ባዶ ኪሱን ነው። በእኛ ጎጥ አምስት ጡረተኞች አለን፦ እኔ፣ አንድ የቀድሞ ወታደር፣ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ዕድሜውን የፈጀ ሸማኔ፣ የፖሊስ ሚስት የነበረች ባልቴት፣ እና እማሆይ። ነሐሴ ላይ ጎጡ ውስጥ ብር ካለ ከእነዚህ አምስት ሰዎች እጅ ነው። ከእኛ ወደ ባለሱቁ፣ ከባለሱቁ የዱቤ ደብተር ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ለልጅ መድኃኒት ይዞራል። ጎረቤቶቼ ጡረታዬን «ደመወዝህ» ነው የሚሉት፤ ከእኔ እኩል ቀን ይቆጥራሉ። ስለዚህ የአንድ ሰው ክፍያ ቆመ ስትሉ አንድ ሰው ብቻ የቆመ አይምሰላችሁ።

ስለ ራሱ ስለ ጡረታዬ መጠን አላማርርም። የሒሳብ መምህር ስለነበርሁ ከመውጣቴ ከአምስት ዓመት በፊት አስልቼው ነበር። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት ከመቶ 30፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25። እኔ 35 ዓመት አስተማርሁ፤ ሃያ አምስቱ በ1.25 ሲባዛ 31.25፣ ሲደመር 61.25 ይሆናል። ይህም ከመጨረሻው ወር ደመወዝ ሳይሆን ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ላይ የሚታሰብ ነው፤ ኑሮ በየወሩ በሚወደድበት ዘመን አማካይ ማለት ወደ ኋላ የተጎተተ ማለት ነው። ጣሪያው 70 ነው። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ በ18 ዓመቱ ሥራ የያዘ ሰው አንድ ቀን ሳያባክን በ60 ዓመቱ ልክ ይደርስበታል ማለት ነው። ይህን ስሌት ለክፍሌ ልጆች እንደ መልመጃ ሰጥቻቸው ነበር። አንዷ ልጅ ሠርታ ስትጨርስ «ቲቸር፣ ታዲያ የቀረውን 38.75 ማን ወሰደው?» አለችኝ። ዕድሜ ነው አልኋት። ሕግ ነው፣ ተቀብዬዋለሁ። ያልተቀበልሁት 61.25ቱን ለማግኘት የሚወጣውን ወጪ ነው። ባለፈው ሰኔ ባሕር ዳር ሁለት ሌሊት አድሬ ስመለስ ከወሩ ገንዘቤ አንድ አምስተኛው ባጃጅ፣ ምሳና አልጋ ሆኖ ነበር።

ባለፈው ሰኔ ያልሁት የእማሆይ ጉዳይ ነው።

የእኛ አገር ሰው ከጥንት የሚያውቀው ጡረታ ምንኩስና ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ልጆቿን ድራ ስትጨርስ ቆብ ትጭናለች፣ ከገበያውም ከጠቡም ትወጣለች፣ ከዚያ ወዲያ ሰው የሚፈልጋት ለምክርና ለእርቅ ነው። እማሆይ ሁለት ጊዜ ነው ጡረታ የወጡት። መጀመሪያ ከክሊኒክ፤ 31 ዓመት በጤና ረዳትነት አገልግለው፣ ከዚህ ልሳነ ምድር ልጅ እኩሌታውን ሳያዋልዱ አልቀሩም። ኋላ ደግሞ ከዓለም። ለሁለተኛው ጡረታቸው ማንም መኖርዎን ያረጋግጡ አላላቸውም።

በሚያዝያ አዳልጧቸው ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ያዙ። ሰኔ ሲብት ደግሞ «ጡረተኛ ሁሉ በአካል ቀርቦ በሕይወት መኖሩን ያረጋግጥ፣ የፋይዳ ቁጥሩንም ያያይዝ፤ ያልቀረበ ክፍያው ይቆማል» የሚል ቃል መጣ። ሰው ልኬ ጠየቅሁ። ውክልና አይሆንም፣ ፎቶ አይሆንም፣ የቀበሌ ደብዳቤም አይሆንም፣ ራሳቸው ይምጡ ተባልሁ። እንግዲህ በቅሎ የለን፣ መኪና አይገባ፤ የእድሩን ቃሬዛ አወጣን። ሌላ ቃሬዛ የለንም። ያው ሬሳ የምንሸከምበት ነው።

ስድስት ጎረምሶች እየተቀባበሉ ተሸከሟቸው። ብርድ እንዳይመታቸው በጋቢ ጠቅልለን፣ ካፊያ ስለነበር ላያቸውን በነጭ ነጠላ ሸፍነን ነበር። ከእነሱ ኋላ እኔ በከዘራ፣ ከእኔ ኋላ የእህታቸው ልጅ ስንቅ አዝላ። ገና ከዋንዛው ሥር ሳንርቅ ጌሾ ተሸክማ ሽቅብ የምትመጣ ሴት አየችን። ሸክሟን ወረወረችና «እኔ ወዮ! እማሆይን! እናቴን!» ብላ ደረቷን ትመታ ጀመር። እማሆይ ነጠላውን ገልጠው ቀና አሉ። «ዝም በይ አንቺ፤ አልሞትሁም። አለሁ ብዬ ላስመዘግብ ነው የምወርደው» አሏት። ሴትዮዋ መንገዱ መሐል ቁጭ ብላ ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ መጣባት። ትንሽ ወረድ እንዳልን ሁለት ሽማግሌዎች ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቀጥሎ አንድ ቄስ መስቀላቸውን አውጥተው ጸሎት ጀመሩ። በሦስተኛው እማሆይ ታከታቸው፤ አንድ ልጅ ከፊት እየቀደመ «ለቅሶ አይደለም! ለጡረታ ነው!» እያለ እንዲሄድ አዘዙ። እንዲያ እየተጮኸልን ጀልባው ደረስን።

ጣናን አንድ ሰዓት ያህል ተሻገርን። ቃሬዛው ባጃጅ ስለማይገባ ከወደቡ እስከ ደጃችሁ ድረስ በትከሻ ነው የመጣነው፤ ዘንባባው ሥር ቆሞ ያላየን ሰው የለም። ደርሰን ተራ ያዝን። አንድ ልጅ ብቅ አለና «ማዘር፣ ፋዘር፣ ሲስተም የለም፤ ትንሽ ጠብቁ» አለን። ሲስተሙ የመጣው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የጣት አሻራ ማንበቢያዋ መሣሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር በገመድ የታሰረች ሆና ተገኘች። ልጁ አልከፋም፤ ተነሥቶ መሣሪያዋን ወደ ቃሬዛው ሳባት። ገመዱ አልደረሰም። አንድ ክንድ ነው የቀረው። ከዘጌ ሽቅብና ቁልቁል ተሸክመናቸው መጥተን፣ ሐይቅ ተሻግረን፣ ከተማ አቋርጠን፣ የመንግሥት ገመድ አንድ ክንድ አጠረን። ጎረምሶቹ እንደገና አነሷቸውና እስከ መስኮቱ ከፍ አድርገው ያዟቸው፤ እማሆይ በአየር ላይ ተንሳፍፈው ቀኝ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ።

አላነበበም። የግራው አውራ ጣትም አላነበበም። ሌባ ጣት፣ መሐል ጣት ተሞከረ። በሶፍት ተጠረገ፣ በሰው ትንፋሽ ተሟሟቀ፣ ወይ ፍንክች። ሠላሳ አንድ ዓመት በሳሙናና በአልኮል የታጠበ፣ ከዚያ በላይ ጌሾ የቀጠፈ ጣት ነው፤ አሻራው አልቋል። «ነገ ቅባት ተቀብተው ይምጡ» ተባልን። ከቀትር በኋላ ጣና ስለሚናወጥ በዚያ ሰዓት መመለስም አይቻል፤ እማሆይ ዘመድ ቤት፣ ጎረምሶቹ በረንዳ፣ እኔ አልጋ ተከራይቼ አደርን። በማግስቱ ቫዝሊን ተቀብተው ተንሳፈፉ። ዘጠነኛው ጣት፣ የግራ እጃቸው የቀለበት ጣት፣ አረንጓዴ መብራት አበራ። «ቀለበቱን ያሰረልኝ ሰውዬ ነው ያተረፈኝ» ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን። እኔ ግን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳቁ አልመጣልኝም። ወረቀቱም በዚያው ቀን ስላላለቀ ለፊርማ እኔ አንድ ሌሊት ጨምሬ አደርሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ማጣራት አይገባም አልልም። የሞተ አባቱን ጡረታ የሚበላ ልጅ የለም ብዬ አልምልም። ባል ሲሞት ለሚስት የሚተላለፈው ግማሹ ነው፤ በሙሉውና በግማሹ መካከል ያለው ልዩነት ፈተና እንደሚሆን ይገባኛል፣ ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ግን እኛ ዘንድ ሞት የሚደበቅ ነገር አይደለም። ጡሩምባ ይነፋል፣ ደወል ይደወላል። እድራችን ሰው በሞተ ቁጥር ብር ያወጣል፤ ብር የሚያወጣ ማኅበር ደግሞ የሞተውን ከሕያው አይምታታበትም፤ የእድሩ ጸሐፊ መዝገብ ከእናንተው ኮምፒውተር የጠነከረ ነው። ሬሳውን የደበቀ ሰው አርባውን የት ሊደብቀው ነው? ተዝካሩንስ? የቀበሌ ደብዳቤ አይታመንም ካላችሁ የቀበሌውን፣ የደብሩንና የእድሩን ማኅተም አንድ ወረቀት ላይ ጠይቁ። ሦስቱ ተስማምተው ሲዋሹ እኔ አይቼ አላውቅም፤ ሦስቱ በሌላ በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁምና።

እሱም አይሆንም፣ መሣሪያው ራሱ ይመስክር ካላችሁ፣ ፋይዳ ሲመዘግበን እኮ የጣት አሻራ ብቻ አይደለም የወሰደ። የዐይናችንን ብሌን አንሥቷል፣ ፊታችንንም አንሥቷል። ጣት ቢያልቅ ዐይን አላለቀም። እማሆይ ዘጠኝ ጣት ከሚሞክሩ አንድ ጊዜ ቀና ብለው ቢያዩላችሁ ምን ነበረበት? ያ ምዝገባ የተደረገ ጊዜ ደግሞ ሁለት ልጆች ዕቃቸውን በቦርሳ አዝለው እስከ ትምህርት ቤታችን ድረስ ወጥተው፣ የተማሪ ዴስክ ላይ ዘርግተው፣ በሦስት ቀን ሁላችንንም መዝግበው ነው የወረዱት። ገመዳቸው አላጠረም። ለመመዝገብ የወጣ ቦርሳ ለማረጋገጥ የማይወጣበት ምክንያት አልታየኝም።

በሞባይል ተጠቀሙ የሚለውን ምክር ሰምተናል። ስልክ አለን። ኔትወርኩ ግን የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ሲቆሙ ነው፤ እሱም አየሩ ሲፈቅድ። የቀድሞው ወታደር ሚስጥር ቁጥሩን ስለሚረሳ ለልጅ ልጁ ነግሮታል፤ የልጅ ልጁ ለጓደኛው ነግሮታል፤ አሁን ሚስጥሩን የማያውቀው ወታደሩ ብቻ ነው። መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲጠፋ የከረምንባቸውን ወራት ደግሞ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፣ አልደግመውም።

ከተማ ያለው ባልንጀራዬ ይህን ሳማክረው «ለምን ባሕር ዳር አትገባም? ክሊኒኩ ቅርብ፣ ባንኩ ቅርብ» አለኝ። እሱ ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ዳር ዳማ ይጫወታል፤ ደስ የሚል ኑሮ ነው፣ አልንቀውም። የእኔን ልንገራችሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የቅዳሴው ደወል ይቀሰቅሰኛል፤ ሰንበት ከሆነ እሄዳለሁ፣ ካልሆነ ገልበጥ ብዬ እተኛለሁ። ሲነጋ ቡናዬን ከጦጣ እጠብቃለሁ። ይህ እንግዲህ ሁለተኛው የመንግሥት ሥራዬ ነው፣ ደመወዝ የሌለው። ጦጣዋ ብልጥ ናት፤ ባለቤቴ ስትወጣ አትሸሽም፣ እኔ ስወጣ ግን ከዘራውን ታውቀዋለች። ዘንድሮ አንዲቱ ግልገሏን አዝላ ከፓፓዬው ላይ ቁልቁል ስታየኝ ድንጋይ ማንሣት አቃተኝ፤ ፓፓዬውን በላችው። ረፋድ ላይ ባለጉዳይ ይመጣል። ከሰዓት ቡና እናሰጣለን ወይ እንለቅማለን፤ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ከታች ከታች ያለውን ነው የምለቅመው፣ የላዩን ለልጆች ትቼ። ማታ እማሆይ ዘንድ ጎራ እላለሁ። አንድ ቀን ሳልሄድ ብቀር «መምህር ዛሬ አለ?» ብለው ሰው ይልካሉ። መኖሬ በየቀኑ እየተረጋገጠ ነው የሚያድር፤ ያለ ሲስተም።

ስለዚህ የምለምናችሁ፦ በዓመት አንድ ቀን፣ ከተቻለ ቡናው ተለቅሞ ሳያልቅ፣ አንድ ሰውና አንድ ቦርሳ ወደ አፋፍ ላኩልን። መሄድ የምንችለው አፋፍ ድረስ እንወርዳለን፤ አልጋ የያዙት በእኛ ጎጥ እማሆይ ብቻ ናቸው፣ በማዶው ጎጥም ሁለት ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ መንገድ መሪ ልጅ እኔ አዘጋጃለሁ። ሥራው ከግማሽ ቀን አያልፍም። የጀልባ ወጪ ከበጀት አልወጣም ካላችሁም ንገሩኝ፤ የጀልባው ባለቤት አራተኛ ክፍል ያስተማርሁት ልጅ ነው፣ ከእኔ ሒሳብ ተቀብሎ አያውቅም።

የምትመጡ ከሆነ በጠዋት ተነሡ፤ ሐይቁ ጠዋት እንደ መስታወት ነው፣ ከቀትር በኋላ አያምኑትም። የምትልኩት ሰው ቆዳ ጫማ አያድርግ፤ ድንጋዩ ይጥለዋል። ባትሪውን ሞልቶ ይምጣ፣ መብራት እንዳሻው ነው። ከትልቁ ዋንዛ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፍ፤ የቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ደጁ ላይ የሎሚ ዛፍ ያለበት ቤት የእማሆይ ነው። ውሻ የለም። የመኝታቸው መስኮት በምሥራቅ በኩል ስለሆነ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ብርሃን አለ፤ ዐይናቸውን ለማንሣት በቂ ነው።

ኅዳር 2018 ዓ.ም.፣ ዘጌ
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር

ግልባጭ፦
ለእድራችን ጸሐፊ
ለእማሆይ (ማታ ይነበብላቸዋል)